ቆሎውን እንጂ የቲሙን አንሽጥ
ለንግድ ሥራ የሚሆን የማኅበራዊ ሚዲያ ማስታወቂያ አዘገጃጀት

ምስጋና ሁሉ የዓለማት ጌታ ለሆነው አላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም፣ ራሳቸው የቲም ሆነው አድገው ለየቲሞች መጠጊያ በሆኑት በነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሓቦቻቸው ላይ ይስፈን።



ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ደሴ የሚጓዝ መንገደኛ ደብረ ብርሃንን ካለፈ በኋላ ጣርማ በርን ይወጣል። በጣሊያን ወረራ ዘመን በተፈለፈለው ዋሻ ውስጥ አልፎ ቁልቁለቱን ሲይዝ፣ ከተራራው ጥግ የተቀመጠችውን ደብረ ሲናን ያገኛል። ከአዲስ አበባ 190 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ይህች ከተማ በጉሟ፣ በብርዷና በቆሎዋ ትታወቃለች። አውቶቡስ በቆመ ቁጥር ቆሎ የያዙ እናቶችና ልጆች ወደ መስኮቱ ይሮጣሉ። የብዙ ቤተሰብ የዕለት ጉርስ፣ አባወራው በሞት የተለየበት ቤት ጭምር፣ በዚያች የጥቂት ደቂቃ ቆይታ ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ይህ ንግድ አንድ ጥሩ ነገርና አንድ ክፉ ነገር አለው። ጥሩው ነገር፣ ቆሎ ሻጯ ገዢ ፍለጋ መውጣት የማያስፈልጋት መሆኑ ነው፤ መንገዱ ራሱ ገዢውን ከደጇ ያመጣላታል። ክፉው ደግሞ መንገዱ በተዘጋ ጊዜ ገበያዋም አብሮ የሚዘጋ መሆኑ ነው። እ.ኢ.አ. በኅዳር 2014 ጦርነቱ ደብረ ሲና በደረሰና የደሴው መንገድ በተቋረጠ ጊዜ ይህን ሁላችንም አይተነዋል። ከዚህም በላይ፣ ትምህርት ቤት መዋል የሚገባው ልጅ ከሚንቀሳቀስ መኪና ጎን ሲሮጥ ማየት እናትንም ጎረቤትንም የሚያስጨንቅ ነገር ነው።

ስለዚህም እናቶች ቆሏቸውን በቤታቸው ሆነው፣ ለሩቅ ገዢ፣ በማኅበራዊ ሚዲያ አማካይነት ቢሸጡ መልካም ይሆናል የሚል አሳብ በማኅበራችን ዘንድ ተነሣ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እንዲህ ላለው ሥራ የሚጠቅም ማስታወቂያ እንዴት እንደሚዘጋጅ ማብራራት ነው። የተነገረው ለቆሎ ይሁን እንጂ በርበሬ ለሚያዘጋጅ፣ ልብስ ለሚሰፋ፣ ማር ለሚሸጥም የሚያገለግል ነው።

ከራሳችን ስሕተት እንነሣ

የመጀመሪያውን ማስታወቂያ ያዘጋጀነው እኛው ነበርን፤ ስሕተቱም የኛው ነው። አንድ የአሥር ዓመት ያህል ልጅ ቆሎ የያዘ ሰፌድ ታቅፎ፣ አንገቱን ደፍቶ ፎቶ አነሣነው። ከሥሩም አባቱ የሞተበት የቲም መሆኑን፣ ቆሎውን በመግዛት እንዲረዱት የሚለምን ቃል ጻፍንበት። ሐዘኑ ጎልቶ እንዲታይ ብለን የተቀደደውን ሹራቡን እንዲለብስ ያደረግነውም እኛ ነበርን።

ማስታወቂያው በጥቂት ቀናት ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ተዛመተ። የደወሉልን ሰዎች ብዙ ነበሩ፤ ነገር ግን አብዛኞቹ ስለ ቆሎው አልጠየቁም። ዋጋው ስንት እንደሆነ፣ መቼ እንደተቆላ፣ በምን እንደሚላክ የጠየቀ ሰው እምብዛም አልነበረም። ገንዘብ የላኩ ነበሩ፤ አላህ ምንዳቸውን ይክፈላቸው። የገዙትም አንድ ጊዜ ገዝተው አልተመለሱም። የገዙት አዝነው እንጂ ቆሎ አምሯቸው አልነበረምና፣ ሐዘኑ ሲበርድ ግዢውም አብሮ በረደ።

ከሁሉ የከፋው ግን በልጁ ላይ የደረሰው ነው። ፎቶው ትምህርት ቤቱ ደረሰ። ጓደኞቹ «የማስታወቂያው ልጅ» እያሉ ይጠሩት ጀመር። ጥቂት ቀን ቆይቶ ትምህርት ቤት አልሄድም አለ። እናቱ ወደ ማኅበራችን መጥተው የተናገሩት ቃል እስከ ዛሬ ከጆሯችን አልጠፋም፦ «ልጄን ያሳደግሁት ቆሎ ቆልቼ ነው። ቆሎዬን አሳዩልኝ፤ ልጄን ግን አታሳዩብኝ።»

ፎቶውን በዚያው ቀን አነሣነው። ይሁንና ሌሎች ቀድተው ያስቀሩትንና በየገጻቸው የለጠፉትን መመለስ አልቻልንም። በዚህ ዓለም የወጣ ፎቶ እንደ ወጣ ቃል ነው። አታላዮች የየቲምን ፎቶ ከአንዱ ገጽ ወስደው በሐሰተኛ ስም ገንዘብ የሚለምኑበት ጊዜ መሆኑን ስናስብ ደግሞ ስሕተታችን ይበልጥ ከበደን።

አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ ዱሓ የቲምን እንዳንጨቁን አዟል፤ በሱረቱል በቀራ 264ኛው አንቀጽም ምጽዋታችንን በመመጻደቅና ተቀባዩን በማስከፋት እንዳናበላሽ አስጠንቅቋል። የቲምን ማስከፋት በዱላና በስድብ ብቻ የሚፈጸም ይመስለን ነበር፤ በፎቶም እንደሚፈጸም ያወቅነው ከዚህ በኋላ ነው።

ልመናና ንግድ የተለያዩ ናቸው

አቡ ዳውድ የዘገቡት የአንድ አንሷሪ ታሪክ አለ። ሰውየው ሊለምን ወደ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በመጣ ጊዜ በቤቱ ያለውን አንድ ምንጣፍና አንድ የመጠጫ ዕቃ አስመጥተው በሁለት ድርሃም ሸጡለት። በአንዱ ድርሃም ለቤተሰቡ ምግብ እንዲገዛ፣ በሁለተኛው ምሳር እንዲገዛ አዘዙት። ምሳሩንም በእጃቸው እጀታ ካደረጉለት በኋላ እንጨት እየቆረጠ እንዲሸጥ ላኩት። ሰውየውም ሠርቶ አተረፈ።

ከዚህ የምንማረው፣ ለሰው ምሳር ከሰጠነው በኋላ የምናስተዋውቅለት እንጨቱን እንጂ ችግሩን አለመሆኑን ነው። ልመና የገዢውን ርኅራኄ ይቀሰቅሳል፤ ንግድ ግን ፍላጎቱን ያሟላል። ርኅራኄ በአንድ ቀን ተነሥቶ በአንድ ቀን ሊበርድ ይችላል። ቡና በተፈላ ቁጥር ቆሎ የሚፈልግ ቤተሰብ ግን በየሳምንቱ ያዝዛል። እናቲቱን ለዓመታት የሚያኖራት ሁለተኛው ገዢ ነው።

የመልካም ማስታወቂያ መሠረት

ሙስሊም የዘገቡት ሌላው ሐዲስ ለማስታወቂያ ሥራ ከብዙ ትምህርት የሚበልጥ መመሪያ ነው። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ሲያልፉ አንድ የእህል ክምር አዩ፤ እጃቸውን ወደ ውስጥ ቢያስገቡ እርጥበት አገኙ። ባለቤቱ ዝናብ እንደመታው ተናገረ። እርሳቸውም እርጥቡን ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠይቀው፣ የሚያታልል ሰው ከርሳቸው እንዳልሆነ አስጠነቀቁ።

ፌስቡክም ሆነ ቴሌግራም ገዢ እጁን ወደ ውስጥ ሊያስገባ የማይችልበት የእህል ክምር ነው። ገዢው የሚያየው ከላይ ያለውን ብቻ ነው። ስለሆነም በዚህ ገበያ ላይ እርጥቡን ከላይ የማድረጉ ግዴታ ይበረታል እንጂ አይቀንስም። መልካም ማስታወቂያ ማለት፣ ገዢው እጁን ቢያስገባ ሊያገኘው የሚችለውን ነገር ሳያስገባ እንዲያውቀው የሚያደርግ ማስታወቂያ ነው። ከዚህ በታች የተዘረዘሩት ነጥቦች ሁሉ የዚህ ማብራሪያ ናቸው።

አንደኛ፦ ገዢው ማን እንደሆነ መወሰን

«ለሁሉም ሰው» ተብሎ የተዘጋጀ ማስታወቂያ ማንንም አይጠራም። ማስታወቂያውን ከመጻፍ አስቀድሞ አንድን ገዢ በአእምሮ መሳል ይገባል። ለምሳሌ አዲስ አበባ የሚኖሩ፣ በደሴ መንገድ ሲያልፉ የደብረ ሲናን ቆሎ ቀምሰው የሚያውቁ፣ አሁን ግን መንገዱን ከሄዱ ዓመታት ያለፉባቸው አንዲት የቤት እመቤት እንበል። እኚህ ሴት ቆሎ ምን እንደሆነ እንዲነገራቸው አይሹም። ማወቅ የሚፈልጉት እውነተኛው የደብረ ሲና ቆሎ መሆኑን፣ ትኩስ መሆኑን፣ ስንት እንደሆነና እንዴት እንደሚያገኙት ነው። በውጭ አገር ለሚኖር ወገናችን የሚዘጋጅ ማስታወቂያ ግን ሌላ ነው፤ እርሱ በቅድሚያ የሚጠይቀው አዲስ አበባ ላሉት እናቱ ቤት ሊደርስ ይችል እንደሆነ ነው። ለሁለት ዓይነት ገዢ ሁለት ማስታወቂያ ይዘጋጃል።

ሁለተኛ፦ ፎቶው

በስልክ ላይ የሰው ጣት የሚቆመው በቃል ሳይሆን በፎቶ ነው። መልካም ፎቶ ለማንሣት ውድ ካሜራ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ብርሃን ነው። ጠዋት፣ በር ወይም መስኮት አጠገብ፣ ፀሐይ በቀጥታ ሳይመታው ማንሣት ይበቃል። በሌሊት በመብራት ሥር የተነሣ ቆሎ ቀለሙ ይለወጣል፤ ገዢው የተቃጠለ ወይም ያልበሰለ ሊመስለው ይችላል። የስልኩን መስታወት በንጹሕ ጨርቅ መወልወልም አይዘንጋ።

ቆሎው በሰፌድ ላይ ተዘርግቶ፣ ፍሬው ጎልቶ እስኪታይ ድረስ በቅርብ ይነሣ። ሁለተኛው ፎቶ የታሸገውን ያሳይ፤ ከአጠገቡ የቡና ሲኒ ቢቀመጥ ገዢው መጠኑን ይረዳል። ሰው እንዲታይ ከተፈለገ የምትቆላው እናት እጅና ምጣዱ ይበቃሉ። እጅ የሥራን ክብር ይናገራል፤ የማንንም ገመና ግን አይገልጥም።

ከኢንተርኔት የተወሰደ የሌላ ሰው ፎቶ በፍጹም አይለጠፍ። የሌላን ሰው ያማረ ቆሎ አሳይቶ የራስን መላክ፣ ደረቁን ከላይ አድርጎ እርጥቡን ከመደበቅ አይለይም። ፎቶውን በቀለም ማስዋቢያ ከልክ በላይ መለወጥም እንደዚሁ ነው። በፎቶው ላይ የሚጻፍ ቃል ካለ ከአራት ወይም ከአምስት ቃላት አይብለጥ፤ ፊደሉም በትንሽ ስልክ ላይ የሚነበብ ወፍራም ይሁን።

ሦስተኛ፦ ቃሉ

ፌስቡክ ረጅም ጽሑፍን ከጥቂት መስመር በኋላ ቆርጦ ቀሪውን ይሸፍነዋል። ስለዚህ ዋናው ነገር በመጀመሪያው መስመር ላይ መገኘት አለበት። ብዙ ጊዜ የምናየው ማስታወቂያ ግን እንዲህ ያለ ነው፦

«በዓይነቱ ልዩ የሆነ፣ ተወዳዳሪ የሌለው፣ ለጤና እጅግ ተስማሚ፣ በኢትዮጵያ አንደኛ የሆነ ቆሎ ይፈልጋሉ? እንግዲያውስ እኛ ጋ አለ! ዋጋ በውስጥ መስመር።»

ይህ ጽሑፍ ብዙ ቃል ይዞ ምንም አልተናገረም። ማንም ነጋዴ ስለ ማንኛውም ዕቃ ሊጽፈው ይችላል። አሁን ከሚከተለው ጋር ይነጻጸር፦

«የደብረ ሲና የሰነፍ ገብስ ቆሎ። ግማሽ ኪሎ በ… ብር። ሰኞና ሐሙስ ይቆላል፤ በማግሥቱ አዲስ አበባ ይደርሳል። ገብስና ጥቂት ጨው ብቻ፤ ሌላ የተቀላቀለበት የለም። ማክሰኞና ዓርብ ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ላምበረት መናኸሪያ አጠገብ መረከብ ይቻላል። ለማዘዝ፦ ስልክ …። ክፍያ ዕቃውን ሲረከቡ ወይም በቴሌብር።»

ሁለተኛው አንድም የውዳሴ ቃል የለበትም፤ ሆኖም ገዢው የሚያነሣውን ጥያቄ ሁሉ መልሷል። ምን እንደሆነ፣ ስንት እንደሆነ፣ መቼ እንደተሠራ፣ ምን እንዳለበት፣ የት እንደሚገኝ፣ እንዴት እንደሚከፈል። «ሰነፍ ገብስ» የሚለው አንድ ቃል ብቻውን፣ ገለባው በቀላሉ የሚለቅ ለቆሎ የተመረጠ ገብስ መሆኑን ለሚያውቅ ሰው ከአሥር ውዳሴ የበለጠ ይነግረዋል።

ቆሎ የስኳር ወይም የጨጓራ መድኃኒት እንደሆነ አድርጎ መጻፍም መወገድ አለበት፤ ሻጩ ያላረጋገጠውን ፈውስ መስበክ ውሸት ነው። «ወላሂ ከዚህ የሚበልጥ የለም» እያሉ መማልም እንዲሁ። መሓላ ዕቃን ቢያሸጥም በረካን እንደሚያጠፋ ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ተነግሯልና።

አራተኛ፦ ዋጋው በግልጽ ይጻፍ

«ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚለው ልማድ በአገራችን በጣም ተስፋፍቷል። ነጋዴው እንዲህ የሚያደርገው ገዢው እንዲያነጋግረው በማሰብ ነው። ነገር ግን ብዙ ሰው ዋጋ መጠየቅ ያፍራል፤ ከአቅሜ በላይ ይሆናል ብሎም ይተወዋል። ሌላው ደግሞ ሰው እየታየ ዋጋ የሚለዋወጥ መስሎት ይጠራጠራል። ዋጋን በግልጽ መጻፍ የማይገዛውን አስቀድሞ ያሰናብታል፤ የሚደውለው ሰው ሊገዛ የወሰነ ይሆናል። እንጀራዋን ለመጋገርና ልጆቿን ለመንከባከብ ጊዜ የሚያጥራት እናት ለአርባ ሰው ዋጋ ስትነግር እንዳትውል ያድናታል።

መጠኑም እንደዚሁ ግልጽ ይሁን። በመንገድ ዳር በኩባያና በጣሳ መሸጥ ይቻላል፤ ገዢው መስፈሪያውን ያየዋልና። በሩቅ ላለ ገዢ ግን በሚዛን መሸጥ ይገባል። የቁርኣን 83ኛው ምዕራፍ ሱረቱል ሙጠፊፊን ስያሜውን ያገኘው ሚዛንና ስፍር ከሚያጎድሉ ሰዎች መሆኑን እናስታውስ።

አምስተኛ፦ የተነገረው እንዲፈጸም

ማስታወቂያ ቃል ኪዳን ነው። ትኩስ ነው ተብሎ የተጻፈ ቆሎ ለስልሶ ከደረሰ ማስታወቂያው ባይወጣ ይሻል ነበር። ቆሎ ሳይቀዘቅዝ ከታሸገ በእንፋሎቱ ይረጥባል። ስለዚህ በሰፌድ ላይ ተዘርግቶ በደንብ ከቀዘቀዘ በኋላ ይታሸግ፤ በማሸጊያው ላይም የተቆላበት ቀን ይጻፍ። ቤቷ በሳምንት አሥር ኪሎ ብቻ መቁላት የምትችል እናት የሃምሳ ኪሎ ትእዛዝ አትቀበል። «የዚህ ሳምንት አልቋል፤ ለሚቀጥለው ሰኞ ይመዝገቡ» ብሎ መጻፍ አያሳፍርም፤ እንዲያውም እምነትን ይጨምራል።

ለእምነት ሩቅ አገር መሄድ አያሻንም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከታጁራ የባሕር ዳርቻ ተነሥቶ በአፋር በረሃ የሚመጣው የሲራራ ንግድ ወደ ሸዋ ሲገባ፣ በአንኮበር ሥር የምትገኘው ዐልዩ አምባ ታላቅ የገበያ ስፍራ ነበረች። የአርጎባ ሙስሊም ነጋዴዎችም በዚያ ይታወቁ ነበር። በዚያ ዘመን የነጋዴ ማስታወቂያው ስሙ ነበር። አንድ ጊዜ ያታለለ ሰው ስሙ ከቅፍለቱ ቀድሞ በየገበያው ይደርሳል። ዛሬም ከማስታወቂያው ሥር ገዢዎች የሚጽፉት አስተያየት ያንኑ ሥራ ይሠራል። ቅሬታ ሲጻፍ መሰረዝ ሳይሆን ይቅርታ ጠይቆ ዕቃውን መለወጥ ይገባል። ያነበበ ሁሉ ያንን ያያልና።

ስድስተኛ፦ የትኛውን መድረክ እንምረጥ

ፌስቡክ (እ.ኤ.አ. በ2004 የተመሠረተ) አዲስ ገዢ ለማግኘት ይጠቅማል፤ ይሁንና ገጹ የለጠፈው ነገር ለተከታዮቹ ሁሉ አይደርስም፤ ለማን እንደሚታይ የሚመርጠው የኩባንያው ሥርዓት ነው። በቴሌግራም (እ.ኤ.አ. በ2013 የተመሠረተ) ቻናል ላይ የወጣ መልእክት ግን ለተመዘገበው ሰው ሁሉ ይደርሳል። ስለዚህ በፌስቡክ የተገኘውን ገዢ ወደ ቴሌግራም ቻናል መጋበዝ ብልኅነት ነው። ቲክቶክ ለአጭር ቪዲዮ ይሆናል፤ ገብሱ ሲፈተግ፣ ምጣድ ላይ ሲንጣጣ፣ በሰፌድ ሲበጠር ማሳየት ያለ ንግግር ይበቃል። ብዙ ሰው ድምፅ አጥፍቶ ስለሚያይ ዋናው ቃል በጽሑፍ ይታይ፤ የኢንተርኔት ዋጋ ለብዙዎች ውድ በመሆኑም ቪዲዮው ከግማሽ ደቂቃ ባይበልጥ ይመረጣል።

ገጹ በእናቲቱ ወይም በአዋቂ ሰው ስም ይከፈት። ፌስቡክና ቲክቶክ ራሳቸው ከ13 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ገጽ እንዲከፍት አይፈቅዱም።

ሰባተኛ፦ ለሚከፈልበት ማስታወቂያ ጥንቃቄ

ገንዘብ ከፍሎ ማስታወቂያን ለብዙ ሰው ማድረስ፣ በተለምዶ «ቡስት ማድረግ» የሚባለው፣ የሚያዋጣው ሒሳቡን ለሚያውቅ ብቻ ነው። በቅድሚያ ያለ ክፍያ ሁለት ማስታወቂያ አውጥቶ መፈተን ይገባል። ቃሉ አንድ ዓይነት ሆኖ ፎቶው ብቻ ይለያይ፤ አንዱ በሰፌድ የተዘረጋውን፣ ሌላው የታሸገውን ያሳይ። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ከተለወጠ የትኛው እንደሠራ አይታወቅም። ብዙ ትእዛዝ ላመጣው ብቻ ይከፈል። ሲከፈልም ማስታወቂያው የሚታይበትን ከተማ መወሰን ይቻላልና፣ ቆሎው ለማይደርስበት አገር ገንዘብ አይባክን።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ለማስታወቂያ 300 ብር ወጥቶ 10 ትእዛዝ ከመጣ፣ አንዱ ትእዛዝ 30 ብር አስወጥቷል ማለት ነው። ከአንድ ትእዛዝ የሚገኘው ትርፍ 25 ብር ከሆነ፣ ያ ገዢ ተመልሶ ካልገዛ በቀር ንግዱ ከስሯል፤ ሺህ «ላይክ» ቢያገኝም ከስሯል። ስለዚህ በደብተር ላይ ሦስት ነገር ይመዝገብ፦ ስንት ሰው አዘዘ፣ በየትኛው ማስታወቂያ መጣ፣ ተመልሶ ገዛ ወይስ አልገዛም። የቲም ያለበት ቤት ገንዘብ አማና ነው፤ በ«ላይክ» አይለካም።

ስምንተኛ፦ ኢንተርኔት ሲቋረጥስ?

መንገድ እንደሚዘጋ ሁሉ ኢንተርኔትም ይዘጋል። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር እናስታውሳለን። ገጹን ብቻ ተማምኖ የነበረ ነጋዴ በአንድ ቀን ገዢዎቹን ሁሉ አጣ። ስለሆነም የገዢዎች ስልክ ቁጥር በፈቃዳቸው በደብተር ይመዝገብ፤ ድምፅ ጥሪ እስካለ ድረስ ንግዱ ይቀጥላልና። አዲስ አበባ ውስጥም ትእዛዝ የሚቀበልና ገጹን የሚያስተዳድር አንድ የታመነ ሰው ቢኖር መልካም ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

እ.ኢ.አ. በ2004 የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759 ሐሰተኛና አሳሳች ማስታወቂያን የሚከለክል ነው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናትን በሚመለከት በሚፈጸም ድርጊት ሁሉ የሕፃኑ ጥቅም በቅድሚያ እንዲታሰብ ያዝዛል። በ2016 የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ የሰው የግል መረጃ በሕግ የሚጠበቅ መሆኑን ደንግጓል። የሕፃን ፎቶ፣ ስም፣ የትምህርት ቤትና የመኖሪያ ስፍራ ይህን የመሰለ መረጃ ናቸው። እነዚህን አንድ ላይ አድርጎ መለጠፍ ልጁን ለማያውቀው ሰው አሳልፎ መስጠት ነው።

ማኅበራችን ከዚያ ስሕተት በኋላ ራሱን በሚከተለው አስሯል። በንግድ ማስታወቂያ ላይ የየቲም ፊት አይታይም። የእናት ፎቶ የሚወጣው በጽሑፍ ስትፈቅድ ብቻ ነው፤ ፈቃዷን ባነሣች ጊዜም ፎቶው በዚያው ቀን ይነሣል። «የቲም» የሚለው ቃል በዕቃው ላይ አይለጠፍም።

ለደጋፊዎቻችን

ውድ ደጋፊዎች፤ «ፊታቸውን ካላየን ድጋፋችን መድረሱን በምን እናውቃለን?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ የሒሳብ መዝገብ፣ የተማሪዎች ቁጥርና የትምህርት ውጤት፣ በየጊዜው የሚቀርብ ሪፖርት ነው፤ የሕፃን ዕንባ ግን ደረሰኝ ሊሆን አይችልም። በሱረቱል በቀራ 273ኛው አንቀጽ ላይ፣ ከመለመን የሚቆጠቡ በመሆናቸው የማያውቃቸው ሰው ሀብታም የሚመስሉት ችግረኞች ተወስተዋል። እነዚህን ሰዎች ፈልጎ ማግኘት የኛ ሥራ ነው፤ ችግራቸውን እንዲያሳዩ ማስገደድ ግን የማንም ሥራ አይደለም።

ሰደቃችሁንና ግዢያችሁንም አትቀላቅሉ። ሰደቃ ለመስጠት ስትሹ በማኅበሩ በኩል ለአላህ ብላችሁ ስጡ። ቆሎ ስትገዙ ግን እንደ ገዢ ግዙ፤ ሚዛኑን ተመልከቱ፣ ከለሰለሰ መልሱ፣ ከጣፈጣችሁ ለጎረቤት ንገሩ። በዋጋው ላይ ጨምሮ «ግድ የለም፣ ለየቲሞቹ ይሁን» ማለት መልካም ቢመስልም፣ እናቲቱ የቆሎዋን ትክክለኛ ዋጋ እንዳታውቅ ያደርጋታል። ማስታወቂያውን ስታጋሩም ከላዩ «የምስኪን የቲሞች ቆሎ ነው» ብላችሁ አትጻፉ። «ቀምሼዋለሁ፣ ጥሩ ነው» የሚል አንድ እውነተኛ ቃል ይበልጣል።

ያ ልጅ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ወደ ትምህርቱ ተመልሷል። የእናቱ አዲሱ ማስታወቂያ አንድ ሰፌድ ቆሎና ሁለት እጆች ብቻ የሚታዩበት ነው። እንደ መጀመሪያው አልተዛመተም፤ የደወሉትም ጥቂቶች ናቸው። ነገር ግን ስለ ልጁ የጠየቀ የለም፤ ሁሉም የጠየቁት ሰኞ የተቆላው ደርሶ እንደሆነ ነው።

አላህ (ሱ.ወ.) ንግዳችንን ሐላል፣ ሰደቃችንን ከይዩልኝ የጸዳ፣ የቲሞቻችንን በክብር የሚያድጉ ያድርግልን። አሚን።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።